የወፍጮው ጉሮሮና የእኔ ማግኔት

ከሳጉሬ እስከ አሰላ፣ ከፈለጋችሁም እስከ ሮቤ ድረስ፣ ስለ ማግኔት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራ የሚባለው የሌለውን አለኝ የሚል ሰው ወሬ ነው፤ እኔ ግን አለኝ። ወፍጮ ላይ ማግኔት መግጠምን በዓለም መጀመሪያ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ፈናን እባላለሁ። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ሰባተኛን ደግሜ ስለተማርኩት ግን ስምንተኛ ቢባልም ያስኬዳል።

የምኖረው ሳጉሬ፣ አክስቴ ወርቅቱ ዘንድ ነው። የአባቴ እህት ስለሆነች በኦሮምኛ «አዳዳ» እላታለሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወፍጮ ቤቱን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት፤ እኔ እህል እቀበላለሁ፣ እደፋለሁ፣ ዱቄት በጆንያ እሞላለሁ፣ ከዚያም አወራለሁ። ማውራት ሥራ አይደለም ትላለች አዳዳ። እኔ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ የሚያጫውተው ካጣ መንገዱን ይሻገራል እላለሁ።

ከመንገዱ ማዶ የእትዬ ሀሊሜ ወፍጮ ቤት አለ። ልጃቸው አሚራ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተማረች ናት። ሰባተኛን አንዴ ብቻ ነው የተማረችው፤ እሱ የእሷ ጉዳይ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቡሎን ነው። የእኛ አገር ስንዴ የሚታጨደው በኮምባይነር ነው፤ ኮምባይነር ደግሞ ሲያረጅ እንደ ሰው ጥርሱን ያረግፋል። ዳዶው፣ ሚስማሩ፣ የሽቦው ቁራጭ፣ ሁሉም ከስንዴው ጋር ጆንያ ውስጥ ይገባና እኛ ዘንድ ይመጣል። ወንፊት የማይዘው፣ ዓይንም የማያየው ብዙ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለ አንድ ቡሎን ከስንዴ ጋር ወርዶ የወፍጮውን ድንጋይ ለሁለት ገመሰው። ድንጋዩ እስኪቀየር ደንበኛው ሁሉ ወደ እትዬ ሀሊሜ ተሻገረ፤ ከተቀየረ በኋላም እዚያው ቀረ። ሰው አንዴ መንገድ ከተሻገረ መመለሻው ሩቅ ይመስለዋል።

አዳዳ ብዙ አትናገርም። የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፦

«የዘንድሮን የኮንፈረንስ እህል ካላገኘን ወፍጮውን አከራየዋለሁ። አንቺም ወደ እናትሽ ትመለሻለሽ።»

እናቴ ያለችው ኦጎልቾ ነው። ኦጎልቾን አትናቁብኝ፤ እናቴንም እወዳታለሁ። ነገር ግን ኦጎልቾ ይሞቃል፤ እዚያ ሥራዬ ፍየል ከሽንኩርት ማሳ ማባረር ነው። ፍየል ደግሞ ወሬ አይሰማም። ሳጉሬ ብርዱ ጥርስ ቢያንቀጫቅጭም ወፍጮ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ሞቅ ያለ የዱቄት ሽታ አለ። መመለስ አልፈልግም ነበር። ይህን ያህል ነው ነገሩ።

ኮንፈረንስ የምንለው ከየገጠሩ ያሉ ምእመናን በዓመት አንዴ እኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተሰብስበው የሚሰነብቱበት ነው። ይዘመራል፣ ይጸለያል፣ ደግሞም በደንብ ይበላል። እህሉን የሚያስፈጨው የምግብ ኮሚቴው ነው፤ ሰብሳቢው ኦቦ ባጫ ናቸው። ባለፈው ዓመት ዳቦ ውስጥ የሽቦ ቁራጭ ተገኝቶ ነበር፤ ያገኘው ደግሞ የኦቦ ባጫ የፊት ጥርስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ያኔ እህሉ በሁለቱም ወፍጮ ስለተፈጨ እኛ «የእትዬ ሀሊሜ ሽቦ ነው» አልን፤ እነሱም «የወርቅቱ ነው» አሉ። ሽቦው ራሱ ምንም አላለም።

እንግዲህ ማግኔቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

አዳዳ የወፍጮውን ቺንግያ፣ ሞተሩ ድንጋዩን የሚያዞርበትን ቀበቶ፣ እንድገዛ አሰላ ላከችኝ። መንገዴ ላይ ብሩህ የሚባል የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ጠጋኝ አለ፤ ከተንቀሳቃሽ ስልኬ ጋር የቆየ ወዳጅነት አለው፣ ስልኬ በየወሩ ይታመማልና። ገብቼ ቁጭ ስል አንድ የሞተ ኮምፒውተር እየፈታ ነበር። ከሃርድ ዲስኩ ውስጥ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጩ ሁለት ቁርጥራጮች አወጣ። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጄ ያዝኳቸውና ሳይነግሩኝ ተሳሳሙ፤ መሀላቸው ደግሞ የእኔ ጣት ነበር። ብሩህ እስኪያላቅቃቸው ድረስ ጎረቤቶቹ ሁሉ ወጥተው አዩኝ። ጣቴ ጠቁሮ ሰነበተ፤ እኔ ግን ልቤ የቀረው ማግኔቱ ላይ ነው። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ከተጣሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ እያስፈታሁ አንድ እፍኝ ይዤ ተመለስኩ። ቺንግያውን ረስቼ ስለነበር በማግስቱ እንደገና ሄድኩ።

ግቢያችን ውስጥ ቲቸር ፊሊጶስ የሚባል ተከራይ አለ። ከሆሳዕና ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። የሚያዳምጠው ሰው ካገኘ እራቱን ይረሳል። ማግኔቶቹን ባሳየው ጊዜ እንደ ሕፃን ልጅ ተደሰተ። ይህ ተራ ማግኔት አይደለም አለኝ፤ ብርቅዬ መሬት ከሚባሉት ብረቶች የተሠራ ነው። ሲያስረዳኝ በጭኮ፣ በቅቤ በሚታሸው የገብስ ዱቄት፣ መሰለው፤ ሦስት ዓመት አርሲ ኖሮ ጭኮ በጣም ይወዳል። ዱቄቱ ብረት ነው፣ አብዛኛው እሱ ነው፤ ቅቤው ኒዮዲሚየም የሚባለው ነው፣ ወደ ሲሶ የሚጠጋ፤ ጨው ደግሞ ቦሮን ነው፣ ቅንጣት። ቅንጣቷ ከሌለች ግን ጭኮው አይጥምም፣ ማግኔቱም አይይዝም። ከላይ የሚያብለጨልጨው እንዳይዝግ የለበሰው ኒኬል ነው። ብርቅዬ የተባለውም ስለጠፋ አይደለም አለኝ፤ መሬቱ ውስጥ ሞልቷል፣ ግን ወንድማማቾቹ ብረቶች ሁሉ ተቃቅፈው ስለሚገኙ እነሱን መለያየት ነው ጭንቁ።

የስልኬ ድምፅ ማጉያ ውስጥ አለ፣ ጆሮ ማዳመጫው ውስጥ አለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አዳዲሶቹ መኪኖች ሞተር ውስጥ አለ። ኢተያ ያሉት የነፋስ ማማዎችስ ብዬ ብጠይቀው፣ በአንዳንድ አገር ማማዎች ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፣ የእኛዎቹን ግን ከፍቼ አላየሁም አለ። ቲቸር እንዲህ ነው፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። እኔ ይህን ጠባይ ለማንም አልመክርም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የፈጣሪዎቹን ታሪክ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ ጃፓናዊ ይህን ማግኔት አሰበ፤ የሚሠራበት ኩባንያ ግን ፊት ነሳው። ትቶ ሌላ ኩባንያ ገባና ሠራው። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ አንድ የመኪና ፋብሪካም ያንኑ ነገር ሠርቷል፤ አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም። ጃፓኖቹ ዱቄት አድርገው፣ ጨፍልቀው፣ በእሳት አጣበቁት፤ አሜሪካኖቹ ደግሞ አቅልጠው በሚሽከረከር ቀዝቃዛ መንኮራኩር ላይ አፈሰሱትና ባንዴ አቀዘቀዙት። ሁለቱም ፓተንት አወጡ። ፓተንት ማለት ሀሳቡ የእኔ ነው፣ ያለ እኔ ፈቃድ ማንም እንዳይሠራው የሚል የመንግሥት ማኅተም ነው። በመጨረሻም ተጣልተው ተጣልተው ገበያውን ተከፋፈሉት።

«ታዲያ ፈናን፣ አንድ ነገር ልብ በይ» አለ ቲቸር፣ «ይህ ማግኔት ሙቀት ላይ ግን...»

እኔ ግን ተነስቻለሁ። ፓተንት የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ሌላ ነገር የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

የወፍጮው ጉሮሮ የምለው፣ ከላይ የተደፋው እህል ወደ ድንጋዩ የሚወርድበትን ሰፊ የብረት ቱቦ ነው። በጎኑ በኩል አራት ባዶ ቀዳዳዎች አሉት። እኔን ሲጠብቁ የኖሩ ነው የመሰለኝ። ማግኔቶቹን በአንድ ቆርቆሮ ላይ በማጣበቂያ ደረደርኩና ከውስጥ በኩል በእነዚያው ቀዳዳዎች በቡሎን አሰርኩት። አዳዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየችና አፏን ከፈተች።

«ፈናን፣ ይኼ እኮ...»

«አዳዳ፣ እባክሽ አትረብሽኝ፤ ሳይንስ ነው» አልኳት።

አፏን መልሳ ዘጋችው። የማግኔት ነገር እንዳይከብዳት ብዬም ወደ ወጥ ቤት ወሰድኳትና አስረዳኋት። ግድግዳው ላይ ቢላዋ የምትሰቅልበት ጥቁር፣ ከባድ ዘንግ አለ፤ እሱም ማግኔት ነው፤ ግን የድሮው ዓይነት፣ ደካማው። ይኼ የአንቺ ዘመን ማግኔት ነው፣ የእኔው ደግሞ የእኔ ዘመን ነው አልኳት። ቢላዋውን አንስታ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተአምር ነው። የመጀመሪያው ጆንያ እንዳለቀ ማግኔቱ ጢም አወጣ፤ ሚስማር፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የምላጭ ስባሪ፣ አንድ ደህና ዳዶ። ባለ ስንዴው ገበሬ ዳዶውን አገላብጦ አይቶ «ይኼ የማን ኮምባይነር እንደሆነ አውቃለሁ» አለና ኪሱ ከተተው። እኔም ወሬዬን ይዤ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ተናገርኩ፣ ቅዳሜ ገበያ ተናገርኩ፣ መዘምራኑ ልምምድ ላይ በሁለት መዝሙር መሀል ተናገርኩ። እንዴት እንደሚታሰር፣ የት እንደሚገኝ፣ ስንት ማዕዘን ላይ ቢቀመጥ እንደሚሻል፣ ሳልጠየቅ ሁሉንም ዘርዝሬ አስረዳሁ። ጥቂት ደንበኞችም መንገዱን ተመልሰው ተሻገሩ።

ከዚያም አንድ ጠዋት የእትዬ ሀሊሜ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ገባሁ። የወፍጯቸው ጉሮሮ ላይ ከተቃጠለ የሠርግ ድምፅ ማጉያ የወጣ፣ ድፎ ዳቦ የሚያክል ጥቁር ማግኔት በጎማ ላስቲክ ተጠፍሮ ተቀምጧል።

«ሌባ» አልኳት አሚራን።

«ምንሽን ሰረቅኩሽ?» አለች ጥርጊያዋን ሳታቆም። «ጎንሽ ተቀምጬ ከአሰላ እስከ ሳጉሬ ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። ልወርድ ስል እንኳ እጄን ይዘሽ አልጨረስኩም አልሽኝ።»

እውነት ለመናገር ያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ከማን ጋር እንደማወራ አላየሁም ነበር።

ወደ ቲቸር ሮጥኩ። ፓተንቱን በቶሎ እንድናወጣ ነገርኩት። እሱ ግን ቀዘቀዘብኝ። ፓተንት የሚሰጠው ለዓለም አዲስ ለሆነ ነገር ነው አለ፤ ከአንቺ በፊት ማንም፣ የትም ያልሠራው መሆን አለበት። ደግሞም ፈጣሪ የሆነ ሰው መጀመሪያ ያስመዘግባል እንጂ መጀመሪያ ሚኒባስ ውስጥ አይሰብክም። ከእኔ በፊት ማን ሠርቶት ያውቃል ብዬ ብጠይቀው «አላውቅም፤ አንቺስ ጠይቀሻል?» አለኝ። ማንን ልጠይቅ? እኔ እኮ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ በአገራችን ደንብ ሄድኩ። እኛ ዘንድ የወሰን ጠብ ሲነሳ፣ ላም የሰው እህል ስትበላ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ጃርሳ ይቀመጣል፤ ሽማግሌ ማለት ነው። የጃርሳው አንደበት ደግሞ ኦቦ ባጫ ናቸው። ሀሳብ የተሰረቀበት ሰው ግን ከዚያ በፊት ወደ እሳቸው የመጣ አይመስለኝም። ብዙ አሰቡና ሐሙስ ጠዋት ሁለቱንም ወፍጮ ቤት እናያለን አሉ። የሀሳቡን ጉዳይ እንሰማለን፤ ማግኔቶቹንም እንፈትናለን፤ ብረት የማያሳልፈው ወፍጮ የኮንፈረንሱን እህል ይፈጫል። ይህን ሲሉ ምላሳቸው የፊት ጥርሳቸው የነበረበትን ቦታ ነካ አደረገ።

ረቡዕ ዕለት አርፌ አልተቀመጥኩም። የእኔ ማግኔት ከአሚራ ድፎ ዳቦ እንደሚበልጥ አውቃለሁ፤ ግን መልክ የለውም፤ የተለጣጠፈ ቆርቆሮ ነው። ደግሞም ሌባ ያለበት መንደር ነው። ስለዚህ ነቅዬ ወደ በያጁ ወሰድኩትና የብረት ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ዙሪያውን እንዲበይድልኝ ነገርኩት። በያጁ ሸዋዬ ይባላል፤ ውስጡ ያለው ነገር አይቃጠልም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማግኔት ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ ከእሳት ነው የተወለደው አልኩት። የተናገርኩት ነገር ለራሴም አማረኝ። በየደው። ብልጭታው ሲወርድ ሳየው ጌጥ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ወርቃማ ቀለም ቀባሁት፤ ቀለሙ እንዳይበላሽም ማንም እንዳይነካው አልኩ። እኔም አልነካሁትም። ሐሙስ ማለዳ አሰርኩት።

ኦቦ ባጫ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ግቢያችን ውስጥ የስንዴ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ሀሊሜ ሻሻቸውን አስተካክለው በአዳዳ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሁለቱ ባለ ወፍጮዎች እንዲያውም ስለ ቲማቲም ዋጋ ነበር የሚያወሩት። የተጣላነው እኔና አሚራ ብቻ ነን። ቲቸር ፊሊጶስም ክፍለ ጊዜ የለኝም ብሎ በር ላይ ቆመ።

ተነስቼ ተናገርኩ። ስለ ኒዮዲሚየም፣ ስለ ቦሮን፣ ስለ ጃፓናዊውና ስለ አሜሪካኖቹ፣ ስለ ፓተንት። ኦቦ ባጫ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ፓተንት ያልሽው ገብቶኛል» አሉ። «አንድ ሰው መጀመሪያ ያሰበውን ሌላው ሳያስፈቅድ አይሠራም ነው። እንግዲህ ሁለት በሬ አንድ ላይ መጥመድን መጀመሪያ ያሰበው ሰው የት አለ? እሱን ሳላስፈቅድ ዕድሜዬን ሙሉ አርሻለሁ።»

«እሱ ሞቷል ኦቦ» አልኩ።

«አንቺ በሕይወት መኖርሽ ነው እንግዲህ ችግሩ» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አሚራም ሳቀች፤ የእሷን ቆጠርኩባት።

ፈተናው ከመንገዱ ማዶ፣ በእነ አሚራ ወፍጮ ቤት ተጀመረ። ድንጋዩ እንዳይጎዳ ጉሮሮው ሥር ጆንያ ተዘረጋ፤ አንድ ቁና ስንዴ ውስጥ ሚስማር፣ የሽቦ ቁራጭና መርፌ ተቀላቅሎ ተደፋ። ድፎ ዳቦው ሁሉንም ቀለበ፤ አንዲት ቀጭን መርፌ ብቻ አምልጣ ጆንያው ውስጥ ተገኘች። እኔ በልቤ «አለቀልሽ» አልኳት።

መንገዱን ተሻግረን ወደ እኛ መጣን። ወርቃማው ሳጥኔ ጉሮሮው ውስጥ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። ቁናውን ራሴ ደፋሁት። ስንዴው ሲወርድ ሽሽሽ ይላል፤ ከዚያ በመሀሉ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ቂው። ቂው። ቋ። ሚስማሮቹ ወርቃማውን ሳጥን እንደ ጎረቤት በር ሰላም እያሉ አልፈው ጆንያው ውስጥ ይወድቃሉ። አንድም አልቀረም። ኦቦ ባጫ ጎንበስ ብለው ከጆንያው ውስጥ ሽቦ አወጡና በሁለት ጣታቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ እንደ ድሮ ወዳጅ።

የኦጎልቾን ፍየሎች በዓይኔ አየኋቸው። ተሰልፈው ይጠብቁኛል።

«ምን አደረግሽው?» አለ ቲቸር ቀስ ብሎ። አስበየድኩት አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ያቋረጥኩትን ትምህርት ለመላው ሳጉሬ አስተማረው፤ ይህ ማግኔት ጉልበቱ ብዙ ቢሆንም ሙቀት አይችልም። ለመኪና ሞተር የሚሆነው እንኳ ሙቀቱን እንዲቋቋም ዲስፕሮሲየም የሚባል ሌላ ብርቅዬ ብረት ይጨመርበታል። ከኮምፒውተር የወጣ ተራው፣ በብየዳ እሳት ሥር ከገባ፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

«ልነግርሽ የጀመርኩት ይህንን ነበር» አለኝ። ክፉ አድርጎ አይደለም ያለው፤ እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።  

ያኔ አዳዳ ተነሳች። ማንንም ሳታይ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ቢላዋዎች ሲንኳኩ ተሰማ። ያንን ጥቁር ዘንግ ይዛ ተመለሰች። ካቻቪቴ ከመቀነቷ ስር አወጣች፣ ወርቃማውን ሳጥን ፈታ መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ ዘንጉንም በጉሮሮው ውስጥ አስገብታ አራቱን ቡሎን አሰረች። እንደተሰፋለት ልብስ ልክክ አለ። ዕድል ነው ብዬ አሰብኩ።

«ድፊ» አለችኝ።

ደፋሁ። ዘንጉ አሮጌ ነው፣ ደካማ ነው፣ የሽንኩርት ሽታም አለው፤ ግን ያዘ። አንድ ሚስማር ብቻ አመለጠው፤ የቀረውን ሁሉ ያዘ።

ኦቦ ባጫ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጆሮ ለጆሮ ተነጋገሩ። እዚያ መርፌ አመለጠች፣ እዚህ ሚስማር አመለጠ፤ ማንም ማንንም አልበለጠም አሉ። ስንዴው ለእትዬ ሀሊሜ፣ ገብሱ ለወርቅቱ ይሁን። ሁለቱም ግን ማግኔታቸውን አጠናክረው እህሉን ሁለት ጊዜ ያሳልፉት። አሚራና እኔ ደግሞ በየቀኑ ማታ ማታ አንዳችን የአንዳችንን ማግኔት እናጸዳለን፤ እስክንስማማ ድረስ።

«ጃፓኖቹና አሜሪካኖቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው» አለ ቲቸር ፊሊጶስ።

«ብልህ ሰዎች ናቸው» አሉ ኦቦ ባጫ፤ «ሽማግሌያቸው ማን ነበር?»

በማግስቱ አሚራን ይዤ አሰላ ሄድኩ። ብሩህ ከተረፉት ሃርድ ዲስኮች ሌላ እፍኝ አወጣልን፤ እኩል ተካፈልን። ይህን ጊዜ ያለ እሳት፣ በማጣበቂያ ብቻ፣ የእሷን ከድፎ ዳቦው ሥር፣ የእኔን ከዘንጉ ጎን አደረግን። ሚኒባስ ውስጥ ስንመለስ ዝም እንድል ለመነችኝ። ግማሽ መንገድ ድረስ ችዬ ነበር።

ኮንፈረንሱ ደረሰ። የእኛ ገብስ ጭኮ ሆነ፣ የእነሱ ስንዴ ዳቦ ሆነ። ኦቦ ባጫ የመጀመሪያውን ቁራሽ በጎን ጥርሳቸው፣ ሁለተኛውን በሙሉ አፋቸው በሉ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሳቁ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ማድረግም ረሱ። ቲቸር ጭኮውን እየበላ ቦሮን ጎድሎታል አለኝ፤ ጨው ጨመርኩለት። የኮንፈረንሱ ሰዎች ወደየመንደራቸው ሲመለሱ ወሬውን ይዘው ሄዱ፤ አሁን ከገጠር የሚመጣው ጋሪ ሁለቱም ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ ይቆማል። አዳዳ ስለ ማከራየት ማንሳት ተወች። ኦጎልቾ ለበዓል ብቻ ነው የምሄደው።

ትናንት ከሰዓት ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ዱቄቱን ወርቅ አስመስላዋለች፤ የእኔን ሳጥን ቀለም ሳይሆን እውነተኛውን ወርቅ። ማግኔቱ ላይ የተለጠፉትን ሚስማሮች እየለቀምኩ ነበር። አዳዳ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች። ደስ ብሎኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ አላርፍም።

«አዳዳ» አልኳት፣ «ያም ሆነ ይህ፣ ፓተንት ኖረም አልኖረም፣ ወፍጮ ላይ ማግኔት መግጠምን በዓለም መጀመሪያ ያሰብኩት እኔ ነኝ።»

መርፌዋን ከጆንያው አውጥታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ይህ ወፍጮ ከፋብሪካው ሲመጣ ያ ዘንግ እዚያው ጉሮሮው ላይ ታስሮ ነበር። ሚስማር እየያዘ አስቸገረኝ ብሎ ነቅሎ ቢላዋ የሰቀለበት ባሌ ነው። አንቺ ቆርቆሮሽን ይዘሽ የመጣሽ ቀን ልነግርሽ ነበር፤ መቼ አስተነፈስሽኝ?»